የጸሐፊው አማና

 

 ከቁርኣን በመጀመሪያ የወረደው ቃል «ኢቅረእ» (አንብብ) የሚለው ትእዛዝ መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም አይገኝም። በየኹጥባው፣ በየመድረሳው ምረቃና በየአዳራሹ ንግግር ይህን ቃል ስናነሳው ኖረናል። መልካም ነው። ነገር ግን በቁርኣን ውስጥ ከሁሉም የሚረዝመው አያ ስለ ምን እንደሚናገር ድንገት ብንጠየቅ ስንቶቻችን ሳናመነታ እንመልሳለን? ስለ ጀነት ይሆን? ስለ ቂያማ? ስለ ሶላት? ረጅሙ አያ የሱረቱል በቀራ 282ኛው ነው፤ በተለመደው የመዲና ሙስሐፍ አንድ ሙሉ ገጽ ይይዛል። የሚናገረውም ስለ ብድር ወረቀት ነው።

መልእክቱን ባጭሩ እንየው። ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ ብድር እንዲጻፍ ያዛል። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍና መጻፍን ያሳወቀው አላህ ነውና እምቢ እንዳይል ያስጠነቅቃል። ቃሉን የሚያስጽፈው ዕዳው ያለበት ሰው መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ባለ ዕዳው አቅለ ቢስ ወይም ደካማ ከሆነ፣ ወይም ማስጻፍ ካልቻለ፣ ወሊዩ በፍትሕ እንዲያስጽፍለት ያዛል። ምስክሮችን ይጠይቃል፤ ዕዳው ትንሽም ይሁን ትልቅ እስከ ቀጠሮው ድረስ ከመጻፍ መሰላቸትን ይነቅፋል፤ ጸሐፊውም ሆነ ምስክሩ እንዳይጎዳ ይከለክላል። እጅ በእጅ የሆነውን ግብይት ብቻ ከመጻፍ ግዴታ ነጻ ያደርገዋል።

በዚህ ትእዛዝ ውስጥ በተለይ ሁለት ነገሮች ያስደንቁኛል። አንደኛው የሚያስጽፈው ማን እንደሆነ ነው። በዓለም ልማድ ውልን የሚያዘጋጀው ባለ ገንዘቡ ነው። አበዳሪው፣ አከራዩ፣ አሠሪው ወይም ደላላው ጽፎ ያመጣዋል፤ ችግረኛው ከግርጌው ይፈርማል። ውሉ በጉልበታሙ ቋንቋና በጉልበታሙ አጻጻፍ ተዘጋጅቶ ይቀርባል፤ ችግረኛው ሰውዬ ማንበብ ቢችል እንኳ ጊዜ አይሰጠውም። አያው ግን ቃሉን ዕዳ ላለበት ሰው ሰጠው። ሙፈሲሮች እንደሚያስረዱት ከራሱ አንደበት የወጣው ቃል በራሱ ላይ ማስረጃ ስለሚሆን ነው። እኔ ደግሞ ከዚህ ጋር ሌላም ጥበብ ይታየኛል፤ ራሱ ያስጻፈ ሰው የተጻፈውን ያውቃል። ፊደል ባይቆጥር እንኳ ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር የእርሱ ቃል ነው።

ሁለተኛው የጸሐፊው ጉዳይ ነው። እምቢ እንዳይል የተከለከለበት ምክንያት አብሮ ተነግሮታል፤ ችሎታው ከአላህ የተሰጠው ነውና። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ላይ ይነሳል። ማንበብና መጻፍ መቻል እንደ ቤትና እንደ መኪና የግል ሀብት ነው? ወይስ ማንበብ ያልቻለው ሰው ሐቅ ያለበት አማና ነው? ሀብት ነው ያለ ሰው እንኳ ሀብት ዘካ እንዳለበት መዘንጋት የለበትም። አማና ከሆነ ግን ጥያቄው ይከብዳል፤ አማናን ይዞ ዝም ያለ ሰው ለራሱ ባይበላውም ይጠየቅበታል።

ዑለማኦች በትእዛዙ ክብደት ላይ አንድ አይደሉም። ከፊሎቹ በጸሐፊው ላይ ግዴታ ነው ብለዋል፤ ብዙዎቹ የተወደደ ነው ብለዋል፤ ሌላ ጸሐፊ በሌለበት ቦታ ግዴታ ይሆንበታል ያሉም አሉ። በበኩሌ ይህ የመጨረሻው አነጋገር ለከተማችን ኑሮ የቀረበ ሆኖ አገኘዋለሁ። በአንድ ግቢ ውስጥ አሥር አባወራ እየኖረ፣ አንዲት እናት የፍርድ ቤት መጥሪያ በእጇ ይዛ የሚያነብላት ካጣች፣ ጸሐፊ የሌለበት ቦታ ማለት ያ ግቢ ነው።

ለዚህ ሁሉ ወዲያው የሚሰጥ መልስ አለ። «እኛ የምንተማመን ወንድማማቾች ነን፤ ወረቀት የሚያስፈልገው ለማይተማመን ሰው ነው» ይባላል። መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ ይህን አነጋገር ያውቀዋል። ብዙ ገንዘብ በቃል ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። «እንጻፈው» ማለት «አላምንህም» እንደማለት ስለሚቆጠር ተበዳሪው ይቀየማል፤ አበዳሪው ደግሞ ለመጠየቅ ያፍራል። ይህ መተማመን ትልቅ ሀብት ነው፤ አላቃልለውም። ቀጥሎ ያለው 283ኛው አያ ራሱ፣ በጉዞ ላይ ሆነው ጸሐፊ ላጡ ሰዎች መያዣን ካመለከተ በኋላ፣ የተማመኑ እንደሆነ የታመነው ሰው አማናውን እንዲያደርስ በማዘዝ ለመተማመን ቦታውን ሰጥቶታል።

ነገር ግን መተማመን ሰውን ከመርሳት አያድነውም፤ ከሞትም አያድነውም። አበዳሪው ሞተ እንበል። ገንዘቡ ማን ዘንድ እንዳለ ልጆቹ አያውቁም። ወይም ተበዳሪው ሞተ እንበል። በጀናዛው ላይ ከቤተሰቡ አንዱ ቆሞ፣ ከሟቹ የሚፈልገው ያለው ሰው እንዲነግራቸው ይጠይቃል። ሦስት ሰው ይመጣል፤ ሦስቱም የሚያቀርቡት ቃል ብቻ ነው። ወራሾቹ ማንን ይመኑ? አንዱን ቢከለክሉ የሟቹን ዕዳ በአንገቱ ላይ ጥለው ቀሩ፤ አንዱን በሐሰት ቢከፍሉ የየቲሞችን ገንዘብ ሰጡ። በሸሪዓችን ውርስ የሚከፋፈለው ዕዳና ኑዛዜ ከወጣ በኋላ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ በነበረበት ሟች ላይ ራሳቸው ከመስገድ ተቆጥበው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን በራሳቸው ላይ ከወሰዱ በኋላ እንደሰገዱበት በሐዲስ የታወቀ ነው። የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊምም ኑዛዜው ተጽፎ ዘንዱ ሳይኖር ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው አስተምረዋል። እንግዲህ ወረቀቱ የሚጻፈው ለእኔና ለወንድሜ ብቻ አይደለም። ያልተማመኑት፣ አብረው ያልነበሩት፣ ምናልባትም ገና ያልተወለዱት ሰዎች ናቸው ወረቀቱን የሚፈልጉት።

የሀገራችንም ሕግ በዚህ ነገር ጠንካራ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል፣ ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም. አምስት መቶ ብር የትልቅ ሰው ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለአንድ ጊዜ አስቤዛ አይበቃም። ስለዚህ በመርካቶ የሚደረገው ብድር ከሞላ ጎደል በሙሉ ሕጉ ወረቀት የሚጠይቅበት ብድር ነው። አበዳሪው አሥር ሶላት ሰጋጅ ምስክር ቢቆጥርም በዚህ ቁጥር ፊት ምስክሮቹ አይጠቅሙትም። ሕጉን የማያውቀውም ሆነ ማንበብ የማይችለው እኩል ይጎዳል። ልዩነቱ የመጀመሪያው ከዕዳው በኋላ መማር መቻሉ ነው።

ሌላው የሚነሳው ሐሳብ ከዚህ ይከብዳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ኡሚይ ነበሩ፤ ታዲያ ያለ ፊደል መኖር ምን ነውር አለው? ይባላል። ነውር እንደሌለው እኔም እስማማለሁ። ፊደል ሳይቆጥሩ በአእምሮአቸው የሰፊ ቤተሰብ ሒሳብ የሚይዙ፣ ዘርን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ፣ የሽምግልና ፍርድ የሚሰጡ አባቶችና እናቶች አሉን። ማንም እነርሱን «መሃይም» ብሎ የመሳደብ መብት የለውም። የነቢዩ ኡሚይነት ግን ቁርኣን ከእርሳቸው ያልመነጨ ለመሆኑ ማስረጃ ነው፤ ተከታዮቻቸው ከጽሑፍ እንዲርቁ የተሰጠ ምሳሌ አይደለም። እርሳቸው ራሳቸው ጸሐፊዎች ነበሯቸው፤ ለነገሥታት ደብዳቤ ልከዋል፤ ውል ተዋውለዋል።

ከውሎቹ ሁሉ የሑደይቢያው በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ (628 እ.ኤ.አ.) ከቁረይሾች ጋር ስምምነቱ ሲጻፍ ጸሐፊው ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ነበሩ። የቁረይሾች ተደራዳሪ ሱሀይል ኢብኑ ዐምር በመልእክተኛነታቸው ስለማያምን፣ የአላህ መልእክተኛ የሚለው ማዕረግ ከጽሑፉ ይውጣ ብሎ ተከራከረ። ዐሊይ በእጃቸው ሊያጠፉት አልሆነላቸውም። ነቢዩም ቃሉ ያለበትን ቦታ እንዲያሳዩአቸው ጠየቁ፤ ቢያሳዩአቸው በገዛ እጃቸው አጠፉት። ይህን ታሪክ የምናነሳው ብዙ ጊዜ ስለ ትዕግሥትና ስለ አርቆ አስተዋይነት ነው። እኔ ግን ዓይኔ የሚያርፈው በዐሊይ ጣት ላይ ነው። ያ ጣት ትክክለኛውን ቦታ ያመለክታል ተብሎ ታምኗል። በወረቀት ፊት፣ ለማያነብ ሰው መጠጊያው የሚያነብለት ሰው ታማኝነት ነው። ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን እንዲህ ያለ ጣት ያለው ሰው አዘጋጅተንላቸዋል ወይ?

ስለ ጣት ካነሳን አይቀር፣ ስለ ጣት አሻራም አንድ ነገር ልበል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1728፣ የዓይነ ስውር ወይም መጻፍ የማያውቅ ሰው የጣት ምልክት፣ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሹም፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካልተረጋገጠ በቀር ባለ ጣቱን እንደማያስገድደው ይናገራል። መልካም ጥበቃ ነው፤ አያው ወሊይ በፍትሕ ያስጽፍለት ካለው ጋር መንፈሱ ይቀራረባል። ነገር ግን በሠፈር ውስጥ የሚደረገው ነገር ሌላ ነው። ቀለም የተቀባ ጣት ወረቀት ላይ ካረፈ በቃ፣ አለቀ ይባላል። የቤት ሽያጭ፣ የውርስ ስምምነት፣ የመህር ይቅርታ ሳይቀር እንዲህ ይፈጸማል። አሻራዋን ያስቀመጠችው አሮጊት የተጻፈው ተነቦላት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ሕጉ እንደሚጠብቃት ደግሞ ማን ይንገራት? ይህን ሕግ ለማወቅ ማንበብ ያስፈልጋል።

ወደ ጸሐፊዎቹ ልመለስ። ነቢዩ ለወጣቱ ዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ.) የባዕድ ጽሑፍ እንዲማሩ አዘዋቸዋል። ምክንያቱም ደብዳቤ ሲመጣና ሲላክ የሚያነብላቸውና የሚጽፍላቸው የራሳቸው ሰው እንዲኖር ነው። ዘይድም በግማሽ ወር ያህል ጊዜ እንደተማሩት ተዘግቧል። ያ ወጣት በኋላ ቁርኣንን የሰበሰበው ጸሐፊ ነው። አንድ ማኅበረሰብ ሌላው በሚያነብለት ወረቀት መተዳደሩ አደጋ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ይህን ሳስብ ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱት እህቶቻችን ትዝ ይሉኛል። ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ኤምሬትስ፣ ወደ ሊባኖስ ለቤት ሠራተኝነት ከሚሄዱት መካከል በልጅነቷ ቁርኣን ቤት ገብታ አሊፍ ባ ታ የቆጠረች፣ ጁዝእ ዐምማን ያኸተመች ብዙ ናት። የሥራ ውሉ በዐረብኛ ሲቀርብላት ፊደሉን አንድ በአንድ ትለየዋለች። እንዳትቀራው ደግሞ ሐረካ የለውም፤ ብትቀራውም ትርጉሙን አታውቀውም። ደመወዟ ስንት እንደሆነ፣ የዕረፍት ቀን እንዳላት፣ ፓስፖርቷ በማን እጅ እንደሚቆይ በማታውቀው ወረቀት ላይ ትፈርማለች። ፊደሉ የቁርኣን ፊደል ስለሆነ እንኳ ልቧ ሳይታለል አይቀርም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ቢያንስ ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። የአዋጁ ሐሳብ ይገባኛል። ይሁንና የእኛ ስምንተኛ ክፍል የዐረብኛ ውል አያስነብብም።

ቁርኣንን ትርጉሙን ሳያውቁ መቅራት ዋጋ የለውም እያልኩ እንዳልሆነ አንባብያን ይረዱልኝ። ለእያንዳንዱ ሐርፍ ምንዳ እንዳለ፣ እየተቸገረ ለሚቀራውም ሁለት ምንዳ እንዳለው ነቢያችን አስተምረዋል። ይህ ግን ለአላህ ቃል ነው። የአሠሪን ውል ቃላቱን በመጥራት ብቻ የሚገኝበት ምንዳ የለም።

ታዲያ አንባቢ ማነው? በሀገራችን «ፊደል ያልቆጠረ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የግዕዙን ፊደል ያልቆጠረ ማለት ሆኖ ኖሯል። የወሎ ዑለማኦች አማርኛን በዐረብ ፊደል፣ በዐጀሚ፣ እየጻፉ መንዙማና ትምህርት አስተላልፈዋል። የሐረር ሰዎችም ቋንቋቸውን በዚሁ ፊደል ጽፈዋል። ኪታብ ሲያገላብጥ የኖረ ዐሊም የግብር ደረሰኝ ሲደርሰው ግን አስነባቢ ይፈልግ ነበር። በሌላ በኩል በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጀመሪያ በአምስት፣ ኋላም በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ብዙ ሕዝብ አስተምሯል፤ በ1980 እ.ኤ.አ.ም ዓለም አቀፍ የመሃይምነት ማጥፋት ሽልማት አግኝቷል። ለሁሉም ቋንቋዎች ያገለገለው የግዕዝ ፊደል ነበር። ኦሮምኛን በዚያ ፊደል ማንበብ የተማረ ጎልማሳ፣ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ቋንቋው በቁቤ መጻፍ ሲጀምር እንደገና ጀማሪ ሆነ። የቱ ፊደል ይሻላል የሚለው ክርክር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ለማለት የፈለግሁት፣ ዐሊሙም ጎልማሳውም አእምሮአቸው ሳይቀንስ ከአንባቢነት ወደ አስነባቢ ፈላጊነት መውረዳቸውን ነው። ሰው አንባቢ የሚባለው እጁ ላይ የሚደርሰውንና ኑሮውን የሚወስነውን ወረቀት ማንበብ ሲችል ነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ዲግሪ የያዝነውም ብንሆን አንድ ቀን አስነባቢ እንፈልጋለን። የባንክ ወይም የኢንሹራንስ ውል በእንግሊዝኛ ሲሰጠን ስንቶቻችን እስከ መጨረሻው አንብበን እንፈርማለን?

በቤታችን ውስጥ ያለውን ነገር ደግሞ እንመልከት። እናት ማንበብ ካልቻለች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነብላት ልጇ ነው። የሐኪም ቤቱን ካርድ፣ የመድኃኒቱን ማሸጊያ፣ ከቀበሌ የመጣውን ማስታወቂያ አሥር ዓመት የሆነው ልጅ ያነብላታል። ለእናት ማንበብ ትልቅ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን ልጅ ሊያውቀው የማይገባውን የእናቱን ሕመም፣ የአባቱን ዕዳ፣ የወላጆቹን የፍቺ ክስ ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ይሆናል። ያልገባውን ቃል ይዘለዋል፤ የሚያስፈራውን ይደብቀዋል። ከትምህርት ቤት የመጣበትን የቅጣት ደብዳቤ ግን አስተካክሎ ያነበዋል ብሎ የሚጠብቅ ካለ የዋህ ነው። እናት በገዛ ቤቷ ውስጥ በልጇ ፊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትለምን ትሆናለች። ከጊዜ በኋላ ልጁ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ይላታል፤ ይህን ቃል ያስተማርነው እኛ ነን፤ እርሱን ትምህርት ቤት ስንልክ እርሷን የላካት የለምና።

ስልኩም ነገሩን አከበደው እንጂ አላቀለለውም። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ገንዘቡን በስልኩ ይዞ ይዞራል። ማንበብ የማይችለው ሰው ግን ስልኩን ከነሚስጥር ቁጥሩ ለባለ ሱቅ ልጅ ወይም ለጎረቤት ይሰጣል። «አንድ ሺህ ላክልኝ» ይላል፤ ስንት እንደተላከ የሚነግረው የላከለት ሰው ነው። አብዛኛው ሰው ታማኝ ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ። ቢሆንም ድሮ በኪሱ ያለውን ብር በመልኩ ለይቶ ይቆጥር የነበረ ሽማግሌ፣ ዛሬ የገዛ ገንዘቡን ለመቁጠር የሰው ዓይን ይለምናል።

በ2008 ዓ.ም. በሀገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ወንዶች 69 በመቶ ያህሉ ማንበብ ሲችሉ ከሴቶች የቻሉት 42 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ለሴቶች ምክንያት መደርደር ልማዳችን ነው፤ ሥራ ይበዛባታል፣ ልጅ አላት፣ ዕድሜዋ አልፏል እንላለን። የነቢዩ ባለቤት ሐፍሷ (ረ.ዐ.) ጽሑፍ የተማሩት ከሺፋእ ቢንት ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) ነው። የዘይድ እጅ የሰበሰባቸው የቁርኣን ገጾች ከአቡበክርና ከዑመር (ረ.ዐ.) በኋላ የተቀመጡት በእርሳቸው ዘንድ ነው። ዑሥማን (ረ.ዐ.) ሙስሐፎችን ሲያስገለብጡ የተዋሷቸው እነዚያን ገጾች ነበር። ታዲያ ለሴት ልጅ ቁርኣን መቅራት እንጂ መጻፍ ምን ያደርግላታል የሚለው አባባል ከየት መጣ?

ወንዶቹም ቢሆኑ የተማሩበት መንገድ ያስገርማል። በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ በበድር ከተማረኩት መካከል ቤዛ የሚከፍሉት ያጡ፣ ግን መጻፍ የሚችሉ፣ የአንሷርን ልጆች ጽሕፈት አስተምረው እንዲለቀቁ ተደርጓል። ትናንት ሰይፍ የመዘዘባቸውን ሰው በልጆቻቸው ፊት መምህር አድርገው አስቀመጡት። ዛሬ በየመስጊዳችን ሶላት የሚሰግደው አስተማሪ፣ ጡረተኛ፣ የባንክ ሠራተኛና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስንት ነው? ማንም አልማረካቸውም፤ ቤዛም አልተጠየቁም። ሰግደው ይሄዳሉ።

ሐሳቤን በተግባር ልግለጸው። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ በመስጊዱ ግቢ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ይቀመጥ፤ በሴቶች መስገጃም በኩል እንዲሁ፣ ጸሐፊዋም ሴት ትሁን። ወረቀት የያዘ ይምጣና ይነበብለት፤ ውል ያለው ይጻፍለት። በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን፣ ለመማር የፈለገ ጎልማሳ ፊደል ይቁጠር፤ ስሙን መጻፍ፣ ቁጥር መለየት፣ የስልኩን መልእክት ማንበብ ይጀምር። ማስተማሩ ከማንበቡ ይበልጣል፤ ግን መጥሪያ ለነገ የደረሰውን ሰው መጀመሪያ ፊደል ቁጠር አይባልም።

ጸሐፊው ክፍያ ይውሰድ ወይ የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚውለው ራፖር ጸሐፊ የሚያስከፍለው ለልጆቹ እንጀራ ነው፤ አልነቅፈውም። አያው ጸሐፊው እንዳይጎዳ ማለቱን አንርሳ፤ የሥራ ሰዓቱን ትቶ የሚጽፍልን ሰው ጉዳቱ ሊካስ ይገባል። ዘካ ለዚህ ይውላል ወይ የሚለውን ለዑለማኦቻችን እተዋለሁ። ለጠረጴዛ፣ ለወረቀትና ለአንድ ሰው የሁለት ሰዓት ድካም ግን የጁሙዓ ሰደቃ አያንስም፤ እድሮቻችንም ለድንኳንና ለብረት ድስት ከሚያወጡት ትንሽ ቢቆርሱ አይጎዱም። ከተከፋዩ ጸሐፊ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው። ያነበበውን የሰው ምስጢር ከጠረጴዛው እንዳያሳልፍና፣ የጻፈውን ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለባለ ጉዳዩ ድምፁን አሰምቶ መልሶ እንዲያነብለት ነው፤ ጣት ወደ ቀለሙ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው።